ትልቅ ሰው ጥሪልኝ

የካቲት 4

ዛሬ የግብርና ባለሙያው መጣ። ሽንኩርቱ መሀል ጎንበስ ብዬ አረም ስነቅል ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ "አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ጥሪልኝ" አለኝ። አለሁ አልኩት። ሳቀ። እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ቀና ብላ ሰላም አለችው። እሱም ሰላምታዋን መልሶ፣ የሽንኩርቱን የተባይ መድኃኒት ነገር ለጋሼ ጉተማ እነግራቸዋለሁ ብሎን ሄደ። ጋሼ ጉተማ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የዘንድሮውን ሽንኩርት በመንገድ ሲያልፉ ካላዩት በቀር አያውቁትም።

ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ችግኙን ያፈላሁት እኔ፣ የተከልኩት እኔ፣ የውሃውን ሞተር የማስነሳው እኔ። እሺ፣ እማዬም አለች። ግን ሞተሩን እሷ አታስነሳም።

አባባ ካረፈ ወዲህ መሬታችንን ጋሼ ጉተማ በእኩል ነበር የሚያርሱት፤ ግማሹ ለእነሱ፣ ግማሹ ለእኛ። ዘንድሮ እማዬ ራሳችን እንሞክረው አለች። እሳቸውም ሽማግሌዎች ባሉበት፣ "ይሁን፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ካልሆነላችሁ ግን ከእንግዲህ መሬቱን የማርሰው እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው የሌለበት ቤት መሬት አይዝም" አሉ። ሽንኩርቱ ከተበላሸ መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ኢዩ እንዳያነብብኝ ነው። እሱ የሚያውቀው የኦሮምኛውን ቁቤ ብቻ ነው። ፊደል ያስተማረችኝ እማዬ ናት፤ እሷ ደግሞ የሰው ነገር አትነካም።

የካቲት 11

የውሃ ተራችን ሊነጋጋ ሲል ደረሰ። ሞተሩ እምቢ አለ። እጄ እስኪላጥ ጎተትኩት። ትምህርት ቤት አረፈድኩ። አስተማሪው የት ነበርሽ ሲለኝ "ውሃ ሳጠጣ" አልኩ። "ከብት?" አለ። ክፍሉ ሳቀ።

የካቲት 17

እሁድ። ፋና ከአዳማ መጥታ ቸርች አየኋት። ከእኔ የምትበልጠው በሁለት ዓመት ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ገና ስትገባ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው መሀላቸው አስቀመጧት። ባለፈው ዓመት እኮ ከእኛ ጋር ከኋላ ነበር የምትቀመጠው።

ከፕሮግራም በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ አዲሱን የቆርቆሮ በር ምን ቀለም እንቀባው ብለው ጠየቋት። እሷም ብዙ ሳታስብ አረንጓዴ አለች። በቃ፣ አረንጓዴ ሆነ። እኔን ማንም ስለ በር ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለ ሥራው ስጠይቃት "እንቅልፍ ነው የናፈቀኝ" ብላኝ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አንቀላፋች። ጫማዋ ያምራል።

የካቲት 26

ደላሎች ማሳ ለማሳ መዞር ጀምረዋል። እማዬን መቼ ነው የምንሸጠው አልኳት።

"አንቸኩልም" አለች።

"ዋጋው ቢወርድስ?"

"ለፋሲካ ዶሮ የማይሠራ ቤት የለም፤ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ዶሮ የለም። እስከዚያ መሬት ውስጥ ይቆይ፤ አንገቱ ይውደቅ፣ ይድረቅ።"

ይኸው ነው መልሷ። እማዬ ሁሉን ነገር ትፈራለች። ደላላ ሲመጣ ነጠላዋን አስተካክላ "እናስብበታለን" ትላለች፤ ሰዎቹም ቀጥታ ወደ ጋሼ ጉተማ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ሰው ከዚህ ቤት ደፈር ብሎ መናገር አለበት።

መጋቢት 5

ሁሉም ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ አልመጣልኝም፤ ስለዚህ የሆነውን በሙሉ እጽፈዋለሁ።

ለሞተሩ ናፍጣ ልገዛ መቂ ሄጄ ነበር። ጀሪካኑን ይዤ በሻይ ቤቱ በር ሳልፍ ኑሬ ጠራኝ። ኑሬን የማያውቀው የለም፤ ግማሹን የአካባቢውን ሽንኩርት ለአዲስ አበባ የሚያስጭነው እሱ ነው። "አዴ ገላኔ፣ አካም?" አለኝ። አዴ። ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። አስተናጋጇን ወንበር አምጪ አላት። እንደ ሌሎቹ ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር መጣልኝ፤ ዱካ አይደለም። ሻይ አዘዘልኝ። ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ሰጠኝ።

ምን ዓይነት ዘር እንደተከልን፣ በስንት ቀን ውሃ እንደምናጠጣ፣ መቼ እንደምናቆም ጠየቀኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ሁሉም ያዳምጡ ነበር። አንደኛው ሰውዬ "ይቺ ከእኔ ልጆች ትሻላለች" ሲል ኑሬ፣ "ልጅ አትበላት፤ ያን ማሳ የያዘችው እሷ ናት" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ከእናንተ ቤት ቁም ነገር የሚነጋገሩት ካንቺ ጋር ነው። እናትሽ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን አይወስኑም" አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

ዘንድሮ የሁሉም ማሳ ባንዴ ስለሚደርስ ዋጋው ይወርዳል አለ። ዛሬ ቀብድ ከተቀበልሽ ግን ዋጋሽ ታሰረ፤ ገበያው ቢወድቅም እኔ ነኝ የምወድቀው አለ። ለማሳው ሽንኩርት በሙሉ በኪሎ የተናገረው ዋጋ ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ጋሼ ጉተማ ከሸጡበት ይበልጣል። እጄን ዘረጋሁና ቀብዱን ተቀበልኩ። ሰዎቹ ምስክር ሆኑ። ኑሬ ተነስቶ ጨበጠኝ።

የተቀበልኩት ስለ ወንበሩ አይደለም። ዋጋው ጥሩ ስለነበር ነው።

ለእማዬ ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 6

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር።

መጋቢት 9

አልነገርኳትም። ገንዘቡ ፍራሼ ስር ነው። ኢዩ ፍራሹ ላይ ሲዘል ጮህኩበት፤ አለቀሰ። እማዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኩ።

መጋቢት 15

ኑሬ በሞተር ሳይክል በመንገዱ ሲያልፍ እጁን አውለበለበልኝ። እማዬ "ይሄ ሰውዬ ካንቺ ጋር ከመቼ ወዲህ ነው የሚተዋወቀው?" አለች። "ሁሉን ሰው ያውቃል" አልኳት። ውሸት አይደለም።

መጋቢት 20

ዋጋው እጥፍ ሆነ። ሌላ ቦታ የነበረው ሽንኩርት ዝናብ መቶት በሰበሰ አሉ። ወሬውን ያመጣው ኢዩ ነው፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ "ሽንኩርት ተወደደ! ብስክሌት ይገዛልኛል?" አለ። እማዬ ሳቀች። ማሳው መሀል ቆማ ወገቧን ይዛ ዙሪያውን አየች። ከዚያ መዝሙር ማዜም ጀመረች። አባባ ካረፈ ወዲህ ስትዘምር የሰማኋት ቸርች ውስጥ ብቻ ነው።

ማታ ነገርኳት። ገንዘቡን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። የኢዩን እግር እያጠበች ነበር። አልጮኸችም። ሁለተኛውን እግሩን አጥባ ጨረሰች፣ አደረቀችው፣ ሂድ ተኛ አለችው። ከዚያ፣

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች።

"ትልቅ ሰው መሆኔን እንድታዩ ብዬ ነው።"

"እነማን?"

"ሁላችሁም። ሁሉም ሰው። እዚህ ቤት የመጣ ሁሉ ትልቅ ሰው የለም ወይ ይላል እኮ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች እማዬ። "ሲሉ እዚያው ነው የምቆመው።"

የእግር ማጠቢያውን ውሃ ልትደፋ ወጣች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 22

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የምለቅመው እንኳ የለኝም።

መጋቢት 24

ጋሼ ጉተማ ሰምተው መጡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ በቆሎ አስጭነው ነው የመጡት፣ ዘንድሮ ሳይቸግራችሁ አይቀርም ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አሉ ገና ሳይቀመጡ። እማዬ ወንበር ሰጠቻቸው። "ግን መላ አለው። ሽማግሌ እንሰበስባለን። ልጅ ናት፣ አታውቅም እንላለን። ልጅ የተቀበለው ቀብድ ማንንም አያስርም። ኑሬ ገንዘቡን ይቀበላል፣ እናንተም በዛሬው ዋጋ ትሸጣላችሁ።"

"ከዚያስ?" አለች እማዬ።

"ከዚያማ አየሽው አይደል ዘርፉ። ቤቱ ትልቅ ሰው የለውም። ለወንድሜ ልጆች ብዬ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ እኔ አርሰዋለሁ፤ ግማሹን እንደ ወትሮው አመጣላችኋለሁ።"

እኔ በልቤ አሰላሁ። ልጅ ነኝ ካልኩ ሽንኩርቱ ይተርፋል፣ መሬቱ ይሄዳል። ትልቅ ነኝ ካልኩ ሽንኩርቱ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል፤ ያኔ ደግሞ የናፍጣውንና የማዳበሪያውን ዕዳ ከፍለን የሚተርፈን የለም፣ ሙከራውም ከሸፈ ማለት ነው፣ መሬቱም ይሄዳል። በየትም ብሄድ እሳቸው ቤት ነው የምደርሰው።

መጋቢት 27

ትምህርት ቤት ብዬ ወጥቼ መናኸሪያ ሄድኩ። አዳማ ፋና ጋ ሄጄ ልብስ ብሰፋ፣ ገንዘብ ብልክ ብዬ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ "ብቻሽን ነሽ? ትልቅ ሰው አብሮሽ የለም?" አለኝ።

ወረድኩ። ለሱ ብዬ አይደለም። የውሃ ተራችን ዛሬ ማታ ስለሆነና ሞተሩን እማዬ ማስነሳት ስለማትችል ነው።

ማታ ላይ ወደ ማሳው ስወርድ ሞተሩ ሲጮህ ሰማሁት። እማዬ አስነስታው ውሃውን መደብ ለመደብ እየመራች ነበር። "መቼ ቻልሽ?" አልኳት። "አባትሽን ማን ያስተማረው ይመስልሻል?" አለችኝ። እውነት ትሁን ቀልድ አላወቅኩም። ታዲያ እስካሁን ለምን እኔን ታስነሳኝ ነበር? ይህን አልጠየቅኳትም። ዘንድሮ ስንጀምር አባባ ይይዘው የነበረውን የሞተር ገመድ እኔ ካልያዝኩ ብዬ እንዳለቀስኩ ትዝ አለኝ።

ሚያዝያ 3

ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ቀጠሩ። ውሃ አቁመናል። የሽንኩርቱ አንገት መውደቅ ጀምሯል።

ጋሼ ጉተማ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "ምንም አትፍሪ። 'አላወቅኩም' ማለት ብቻ ነው። አንገትሽን ደፋ አድርጊና በይው" አሉኝ። እማዬን ምን ልበል ብዬ ጠየቅኳት። ዛሬ ጠየቅኳት። "አሁን የምነግርሽ ነገር የለኝም" አለች።

ሚያዝያ 6

ከቸርች መልስ በጋሼ ጉተማ ግቢ ተሰበሰቡ። አምስት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ መሀላቸው ኦቦ ምልኬሳ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ። ኑሬ ከምስክሮቹ ጋር በአንድ ወገን፣ ጋሼ ጉተማ በሌላ ወገን። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ከኩሽናው ግድግዳ ሥር ነበረች። እኔ መሀል ቆምኩ። ኢዩን ከብት ጠብቅ ብለን ብንልከውም አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

ኑሬ መጀመሪያ ተናገረ። አልዋሸም። "ወንበር ሰጠኋት፣ እንደ ትልቅ ሰው አነጋገርኳት፣ እንደ ትልቅ ሰው መለሰችልኝ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ውሃው ከብዙ ወንድ የተሻለ ታውቃለች። እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለችው። ገበያው ወርዶ ቢሆን ገንዘቤን ትመልሱልኝ ነበር?" አለ። ያን ቀን ደስ ያሰኘኝ ነገር ሁሉ ዛሬ እንደ ክስ ተቆጠረብኝ። ምስክሮቹም ልክ ነው አሉ።

ጋሼ ጉተማ ተነሱ። "ልጅ ናት። ሻይ ጠጥታ፣ ሙገሳ ሰምታ ተታለለች። ኑሬም ቤት መጥቶ ትልቅ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ እኔ ነበርኩ" አሉ።

ኦቦ ምልኬሳ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን አልደከመም። "ገላኔ ነጋሳ፣ ገንዘቡን ስትቀበዪ የምታደርጊውን አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?" አሉኝ።

ጋሼ ጉተማ አንገትሽን ድፊ በሚል ዓይን አዩኝ። ልደፋ ነበር። ዘወር ስል ግን እማዬን አየኋት። ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዳቸውም ወደ እሷ አላዩም። ኑሬም አላየም። ጋሼ ጉተማ "እኔ ነበርኩ" ሲሉ እሷ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ላይ ነበረች። ወሩን ሙሉ እኔን ማንም አላየኝም እያልኩ ስነጫነጭ ከርሜ፣ ያን ቀን ሻይ ቤት "እናትሽ አይወስኑም" ሲለኝ እውነቱን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"አውቄ ነው" አልኩ። ጋሼ ጉተማ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ከንዴት። "አውቄ ነው ግን የኔ አልነበረም። ሽንኩርቱ የእናቴ ነው። መቼ እንደሚሸጥም ነግራኝ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ጠብቂ ብላኝ ነበር። እኔ እሷን ሳልጠይቅ የእሷን ነገር ሸጥኩ። ጥፋቴ ይህ ነው። ልጅነቴ አይደለም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ "እሱስ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ነው" አሉ።

"ወንዱማ ሞቷል" አሉ ኦቦ ምልኬሳ። ቀጥለውም፣ "ዘርፉ፣ ወደዚህ ቅረቢ" አሉ። አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ተባለ። እማዬ ግን አልተቀመጠችም፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አሏት።

ነጠላዋን አስተካከለች። እንደ ወትሮዋ እናስብበታለን ልትል ነው ብዬ ተጨነቅኩ።

"ቀብዱን አልመልስም" አለች ለኑሬ። "ልጄ እጇን ዘርግታ ጨብጣሃለች፤ እጇን አላሳፍርም። ከማሳው ግማሹን በተባባላችሁት ዋጋ ውሰድ። ግማሹ ግን የኔ ነው። በዛሬው ዋጋ ከፈለግክ ግዛ፣ ካልፈለግክ ሌላ ገዢ አለ።"

ኑሬ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈገግ ያለ መሰለኝ። "አዴ ዘርፉ፣ ድሮውኑ ከእርስዎ ጋር ብነጋገር ኖሮ" አለ።

"ማን ከለከለህ? ቤቴን ታውቀዋለህ" አለችው።

ኦቦ ምልኬሳ ሌሎቹን አይተው ጨረሰችልን አሉ። ጋሼ ጉተማ ግን፣ "የመሬቱስ ነገር?" አሉ። ኦቦ ምልኬሳም፣ "ሙከራው ካልሆነላቸው ነበር ያልከው። ሽንኩርቱ በቅሏል፣ ተሸጧል። ምኑ ነው ያልሆነው?" አሏቸው። ጋሼ ጉተማ መሬት መሬት አዩ። "እሺ" አሉ፤ ከዚያም ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሚያዝያ 8

እማዬ እያናገረችኝ አይደለም። ውሃ አምጪ፣ ኢዩን ጥሪ፣ ይህን ብቻ። እንዲህ ካልሆነ ምን እጠብቅ ነበር? ከግማሹ ማሳ ያጣነውን በየቀኑ እያየችው ነው የምትውለው። ሽማግሌ ፊት እጇን አላሳፍርም ማለቷ ይቅር ማለቷ አይደለም።

ሚያዝያ 15

የሽንኩርት ነቀላ። ከንጋት እስከ ማታ። አይሱዙው እስከ አፉ ሞላ፤ ግማሹን በቀብዱ ዋጋ፣ ግማሹን በዛሬው ዋጋ ሁሉንም ኑሬ ገዛ። ወገቤ።

እማዬ ሚዛኑ ጋ ቆማ ዋለች። የኑሬ ሰው ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስተካከለ፣ ስላየችው።

ሚያዝያ 16

ከዕዳው ተረፈን። ብዙ አይደለም፣ ግን ተረፈን። የኢዩ ብስክሌት ቀርቷል፤ አለቀሰ። ለምን እንደቀረ ራሴ ነገርኩት። "አንቺ ነሽ?" አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አኮረፈኝ፤ መብቱ ነው።

ግንቦት 1

ማታ እራት በልተን ኢዩ ከተኛ በኋላ እማዬ ሳህኖቹን ሳታነሳ ተቀመጠች። "ለክረምቱ ምን እንትከል ትያለሽ?" አለችኝ።

እኔን መሆኑን ለማረጋገጥ ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ ቲማቲም አልኩ። ለምን አለች። ቶሎ ይደርሳል፣ ደላላው እዚሁ ይመጣል፣ መስከረም ላይ ይወደዳል፣ ፋና እንደነገረችኝ አዳማ ላይ አሁን እንኳ ውድ ነው፤ ሁሉንም ተናገርኩ። ስናገር አላቋረጠችኝም። ዝናብ ሲበዛ የሚመታውን በሽታ በምን እንከላከለዋለን ብላ ጠየቀች። በመድኃኒት አልኩ። የመድኃኒቱን ገንዘብ ከየት አለች። እሱን አላሰብኩበትም ነበር፤ አላሰብኩበትም አልኳት።

"እንግዲያው ቦሎቄ ነው" አለች። "ውሃ አይፈልግም፣ መሬቱም ይረፍ።"

ቦሎቄ አልወድም። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ቦሎቄ ነው የሚተክለው፣ ዋጋውም ይወድቃል አልኳት። ይወድቃል፣ ግን አይበሰብስም አለች። ደግሜ ተከራከርኳት። አልተረታችም። መብራቱን ስታጠፋ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ዘሩን አብረን ሄደን እንመርጣለን አለችኝ።